ባለ ሁለት ክፍል የቡችሎች ሳጥን፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ከማዘዝዎ በፊት

ደብረ ማርቆስ ላይ ለአናጺ ታዝዞ የሚሠራው፣ ሁለት ውሾች ጎን ለጎን ወልደው ቡችሎቻቸውን የሚያጠቡበት ባለ ሁለት ክፍል የቡችሎች ሳጥን ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 75፣ ቁመቱ 45 ነው። መሐሉን ሙሉ ግድግዳ ይከፍለዋል። በየክፍሉ ፊት ለፊት ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተቆረጠ መግቢያ አለ፤ እናቲቱ በቀላሉ ትሻገረዋለች፣ ቡችሎቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይወጡትም። በውስጥ በኩል ዙሪያውን መከላከያ ዘንግ ተመቶለታል። እንደ ማልቲዝ፣ ቺዋዋና ትንሹ ፑድል ላሉ ትንንሽ የውሻ ዝርያዎች ስፋቱ ልክ ነው፤ እናቲቱ እግሯን ዘርግታ ትተኛለች፣ ቡችሎቹም ከእሷ ርቀው አይጠፉም።

የእጅ ሥራው ያስመሰግናል። ችግሩ ያለው ከሐሳቡ ላይ ነው፤ ሁለት ወላዶችን በአንድ ግድግዳ ያጎራብታል። በሌላ ጊዜ አብረው የሚበሉና የሚጫወቱ ውሾች እንኳ ከወለዱ በኋላ አይተማመኑም። አንዷ የሌላዋን ሽታና የቡችሎቿን ጩኸት ከጎኗ ስትሰማ ትነሣለች፣ ታጉረመርማለች፣ ቡችሎቿን በአፏ ይዛ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። በተነሣችና በተቀመጠች ቁጥር ከሥሯ የሚረገጥ አለ።

ከዚህ የሚከፋው በሽታ ነው። የውሻ ሄርፐስ ቫይረስ ትልቅ ውሻን ብዙም አይጎዳም፤ ከሦስት ሳምንት በታች ያለን ቡችላ ግን ይገድላል። ቫይረሱ በደንብ የሚራባው ከ37 ዲግሪ በታች በሆነ ገላ ውስጥ ነው፤ የአራስ ቡችላ ገላ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ነው እርጉዟን ከመውለዷ ሦስት ሳምንት በፊት እና ከወለደች በኋላ ሦስት ሳምንት ከሌሎች ውሾች መለየት የሚመከረው። ባለ ሁለት ክፍሉ ሳጥን ይህን ምክር ይሽራል። አንድ ግድግዳ ብቻ ተጨምሮ 75 በ75 የሆኑ ሁለት ሳጥኖች ይሠራሉ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የቤት ክፍል ይገባሉ። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነም አንዱ ሳጥን ከሌላው ጋር ሳይተያይ በየጥጉ ይቀመጥ፣ መሐሉም በመጋረጃ ይከለል።

ወደ አሠራሩ ስንመለስ፣ የሳጥኑ ትልቁ ጥቅም ዘንጉ ነው። እናቲቱ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ስትተኛ ከኋላዋ የገባ ቡችላ ይታፈናል፤ ሲወለድ ከ100 እስከ 200 ግራም የሚመዝን ፍጥረት እናቱን የሚያስነሣ አቅም የለውም። ለትንሽ ዝርያ ዘንጉ ከወለሉ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ መቀመጥ አለበት። አናጺው ለትልቅ ውሻ በሚሆነው 15 ሴንቲ ሜትር ከሠራው ትንሿ እናት ራሷ ከሥሩ ትገባለች፣ ዘንጉም ከንቱ ይሆናል። በምስማር ሳይሆን በብሎን ይታሰር፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቡችሎቹ ሲወፍሩ ከሥሩ እንዳይቀረቀሩ መውለቅ አለበት።

እንጨቱን በተመለከተ ቺፕውድ ርካሽ ነው፣ ግን ሽንት ሲነካው ያብጣል፣ ሽታውም አይለቅም። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በዘይት ቀለም ተቀብቶ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ጭምር ካልተረሳ፣ ደጋግሞ መታጠብን ይችላል። ለማዕዘኑ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ጽድ ለቤት ምሰሶ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ የሽታው ዘይት የአራስ ቡችላን መተንፈሻ ሊቆጠቁጥ ይችላል። ወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር እግር ይኑረው፤ በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ሳጥን ሙቀቱን ሁሉ ለሲሚንቶው ይሰጣል። ለምንጣፍ ጋዜጣ ከታች፣ ፎጣ ከላይ ይበቃል። ያረጀ ጋቢ ክሩ ስለሚተረተር የቡችላ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ የገብስ ገለባ ደግሞ ሹል ጢሙ ዓይንና ጆሮ ይወጋል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይከብዳል። ለባሕር ዳር ቡችላ የሚበቃ ሙቀት እዚህ አይበቃም። አራስ ቡችላ በመጀመሪያው ሳምንት ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ የተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት ከ26 እስከ 29፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ወደ 23 ይወርዳል። የሁለቱ እናቶች ልደት በአሥር ቀን ከተራራቀ የአንዱ ክፍል ሙቀት ለሌላው አይስማማም፤ ለየብቻ የሚቆሙ ሁለት ሳጥኖች የሚያስፈልጉበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ከሳጥኑ ጋር አብሮ የሚገዛው አምፖል የጫጩት ማሞቂያ የሆነው ቀዩ ባለ 250 ዋት ነው። ለ75 በ75 ሳጥን ይበዛል፤ ከ100 እስከ 150 ዋት ያለው ይሻላል። መያዣው የሸክላ ይሁን፣ የፕላስቲኩ ይቀልጣል። በኤሌክትሪክ ገመዱ ሳይሆን በሰንሰለት ይንጠልጠል፤ ከቡችሎቹ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በአንድ ጥግ ላይ ብቻ ያብራ፤ እናቲቱ የምትቀዘቅዝበት ሌላ ጥግ ያስፈልጋታል። ቴርሞሜትሩ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ቡችሎቹ በተኙበት ፎጣ ላይ ይቀመጥ። ከአምፖሉ ሥር ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ በየፊናቸው ተበታትነው የሚጮሁ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል።

መብራት ሲጠፋ ሁለት ሃይላንድ በሙቅ ውሃ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ ማስገባት ይበቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይቀየር፣ ቀዝቃዛ ሃይላንድ ሙቀት ይወስዳልና። ከአዊ የሚመጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በየሰፈሩ ስለሚገኝ ምድጃ አቀጣጥሎ ወደ ክፍሉ ማስገባት ይቀናል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሽታ የሌለው ገዳይ ነው፣ ለውሻውም ለሰውም።

ገንዘብ ካነሰ ከሳጥኑ ቀለም ይቀነስ እንጂ ሚዛኑ አይቅር። በ1 ግራም የሚያነበው ዲጂታል የኩሽና ሚዛን በዕቃ መደብሮች ይገኛል፤ ለሁለት እናቶች ቡችሎች ከሁሉም ዕቃ የላቀ ዋጋ ያለው እሱ ነው። ባለ ስፕሪንጉ አይረባም። 120 ግራም ቡችላ በቀን ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም ከ6 እስከ 12 ግራም ይጨምራል፤ ስፕሪንጉ ይህን አያሳይም። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘን። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ መቀነስ ያለ ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ የቀነሰ፣ ወይም ከዚያ በኋላ ሙሉ ቀን ምንም ያልጨመረ ቡችላ በዚያው ሰዓት እርዳታ ይፈልጋል። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ክብደቱ እጥፍ መሆን አለበት። ባትሪው ሲደክም ሚዛኑ ይዋሻል፤ በስሪንጅ የተለካ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 100 ግራም ማሳየቱን ማረጋገጥ ይገባል። ለየእናቱ የተለየ ወረቀት ይያዝ። የሚመሳሰሉ ነጫጭ ቡችሎችን ለመለየት የአንዱን ከትከሻ፣ የሌላውን ከዳሌ ላይ ትንሽ ፀጉር መቁረጥ ይበቃል፤ የአንገት ክር ቡችላው ሲያድግ ያንቃል።

ሁለት እናቶች በሁለት በሦስት ቀን ልዩነት ሲወልዱ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። አንዷ ስድስት፣ ሌላዋ ሁለት ከወለደች ማካፈል ይቻላል። ቡችላው መጀመሪያ የራሱን እናት እንገር በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ ይጥባ፤ የሆዱ ግድግዳ መከላከያውን የሚያስገባው ከአንድ ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው። ከዚያ በእንጀራ እናቱ ምንጣፍ ታሽቶ ከቡችሎቿ መሐል ይደባለቅ፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። አንደኛው ቤት ተቅማጥ ወይም ሞት ካለ ግን ማካፈል ክልክል ነው። በሥራ ጊዜም መጀመሪያ ወደ ጤነኞቹና ወደ ታናናሾቹ፣ መጨረሻ ወደ ታመሙት፤ በመሐል እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ፎጣውም የተለያየ ይሁን።

ማጥባት ያልቻለችን ለመተካት ብዙ ሰው የሚያነሣው የላም ወተት ነው። የውሻ ወተት ከ7 እስከ 8 በመቶ ፕሮቲንና ወደ 9 በመቶ ስብ አለው፤ የላሙ ሁለቱም ከዚህ ያንሳሉ፣ ስኳሩ ግን ይበልጣል፣ ያስቀምጣቸዋልም። ለቡችላ የተዘጋጀ ዱቄት ወተት ከመውለዳቸው በፊት ይገዛ፤ በችግር ቀን ደርሶ አይገኝም። ሲሰጥ ቡችላው በሆዱ ተኝቶ፣ ወተቱ 38 ዲግሪ ሞቆ፣ ለ100 ግራም ክብደት በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ፣ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ። በጀርባው ከተጋደመ ወተቱ ሳንባ ይገባል። ገላው ከ34.5 ዲግሪ በታች የወረደን ቡችላ ማብላት መግደል ነው፤ ሆዱ ሥራ አቁሟል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ከዚያ ይብላ።

እናቶቹ በሦስተኛው ሳምንት ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ ይበላሉ። ዐቢይ ጾም ላይ ከወለዱ ልኳንዳ ቤቶች ስለሚዘጉ ሥጋው ቀድሞ መታሰብ አለበት። ትንንሽ ዝርያዎች ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት በካልሲየም ማነስ ይመታሉ፦ ማለክለክ፣ መቅበጥበጥ፣ እግር መገተር፣ መንቀጥቀጥ። ይህ ሲታይ ቡችሎቹ ከጡት ይነሡ፣ እናቲቱ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ትሂድ። በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም መስጠት አይከላከልም፣ እንዲያውም ያባብሳል። የትል መድኃኒት (ፓይራንቴል) በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንት ለቡችሎቹም ለእናቶቹም አብሮ ይሰጣል፤ መጠኑ በክብደት ስለሆነ እዚህም ሚዛኑ ይፈለጋል።

ለአናጺው እንዲህ ይነገር፦ ሁለት ሳጥን፣ 75 በ75 በ45፣ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ 5 ሴንቲ ሜትር እግር፣ 15 ሴንቲ ሜትር መግቢያ፣ በብሎን የሚወልቅ ዘንግ 8 በ8። እርግዝናው 63 ቀን ያህል ስለሆነ በ40ኛው ቀን ይረከቡት፤ የቀለሙ ሽታ ደጅ ላይ ይውጣለት፣ እናቶቹም ከመውለዳቸው አሥር ቀን በፊት ገብተው ይልመዱት።