ቧልትን ከፌዝ ያልለየ መዝገበ ቃላት

አማርኛ አስተማሪ ነኝ። በስልኬ ላይ የጫንኩት የመዝገበ ቃላት መተግበሪያ አራት ወር ሙሉ ከእጄ አልወጣም። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ «ፀሐይ» ብላችሁ ብትጽፉም «ጸሃይ» ብትሉም ያገኝላችኋል። ሞክሼ ፊደላት ለሚያስቸግሩት ተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ያናደደኝ አንድ ቃል ነው፤ ቧልት። ፍቺው «ቀልድ፣ ፌዝ፣ ዋዛ» ይላል፣ አለቀ። ፌዝን ስትከፍቱ ደግሞ መልሶ «ቧልት» ይላችኋል። አንዲት ተማሪዬ ይህንን ፍቺ ተቀብላ ስለ አያቷ በጻፈችው ድርሰት «አያቴን በጣም እወዳታለሁ፤ ሁልጊዜ ታፌዝብኛለች» አለች። አያቷ ካልሲ ጆሯቸው ላይ አንጠልጥለው «ጥንቸል ነኝ» እያሉ የሚያስቋት ሴት ናቸው። እንዲህ ያሉ ደግ ሰው በአንድ ግስ የልጅ ልጃቸውን የሚያዋርዱ ሆኑ! ዐረፍተ ነገሩን ሳነብ ከልጅቷ ይልቅ በመተግበሪያው አዘንኩ።

ፌዝ የሚዋረድ ሰው ይፈልጋል። «አፌዘ» ሲባል ጆሯችን «በማን?» ብሎ ይጠብቃል። ቀልድ በሁለቱም በኩል ይሄዳል፤ «ቀለደ» ሲባል አሳቀ ነው፣ «ቀለደበት» ሲባል ግን ናቀው። ቧልት ደግሞ ማንንም ሳይነካ ሊያስወቅስ ይችላል፤ ጥፋቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ያቺው ካልሲ በእረፍት ቀን ጨዋታ ናት፤ ቤተሰብ ስለ ታማሚ ሲመካከር ብትወጣ ግን ቧልት ትባላለች። «ቧልቱን ተዉና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» የምንለውም ለዚህ ነው። ቁም ነገር በሌለበት ቧልት የለም፣ መተግበሪያው ደግሞ ቁም ነገርን ጨርሶ አያነሳም።

ዋዛ በሚለው ቃል ላይ ግን አዘጋጆቹ ደክመውበታል። «በዋዛ የሚታለፍ አይደለም»፣ «እንደ ዋዛ ተናገረው» የሚሉ ምሳሌዎች አሉት፤ ከመዝሙር 1፥1 ደግሞ «በዋዘኞችም ወንበር ያልተቀመጠ» የሚለውን ጠቅሶ ቃሉ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል። መሥራት እንደሚችሉ ያወቅሁት በዚህ ነው።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ለቧልት፣ ለፌዝና ለቀልድ ለየብቻቸው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨምሩ ለአዘጋጆቹ ጽፌያለሁ፤ የጨመሩ ዕለት አራተኛውን ኮከብ እጨምራለሁ።