ቀዩን ፌራሪ ከመግዛታችሁ በፊት ስኮርታ ጎማውን አንሱ

ይህን የምጽፈው ባለቤቴ «ቢያንስ ሌላው ሰው አይታለል» ብላ ስለጨቀጨቀችኝ ነው። እኔማ አፍኜው ልቀር ነበር። ያሳፍራላ።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ፌራሪ 308 የለከፈኝ እዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ ዓርብ ዓርብ ይዘውት ይመጡ ነበር። ምድር ቤት ሆኜ ድምፁን ከሌላው መኪና ሁሉ እለየዋለሁ። ታዲያ እቁብ ሲደርሰኝ፣ ያጠራቀምኩትን ስጨምርበት፣ ጓደኞቼም «ግዛ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ሲሉኝ ልቤ ተነሳ። በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ።

ደላላው ያገራችን ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። መኪናው የ1981 308 ጂቲኤስአይ ነው፤ ቀይ፣ ጣሪያው የሚነሳ። ዋጋው 68 ሺህ ዶላር። «ፌራሪ እንደ መሬት ነው፣ ዋጋው አይወርድም» አለኝና ስልኩን አውጥቶ ዜና አሳየኝ። በኖቬምበር 2023 ኒውዮርክ ላይ አርኤም ሶዝቢስ የሚባለው አጫራች አንድ የ1962 ፌራሪ 250 ጂቲኦ በ51.7 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል ይላል። ዜናው እውነት ነው። ማታለያው ከእኔ መኪና ጋር ማገናኘቱ ነው።

250 ጂቲኦ የተሠራው 36 ብቻ ነው። እያንዳንዱ በማን እጅ እንዳለፈ፣ በየትኛው ውድድር ላይ እንደተጋጨ ሳይቀር ይታወቃል። 308 ግን ከ1975 እስከ 1985 በሁሉም ዓይነቱ 12 ሺህ ገደማ ተመርቷል። ቦሌ መንገድ ዳር ያለ ሕንጻ በውድ ተሸጠ ተብሎ የእኛ ሰፈር ጭቃ ቤት አይወደድም። ጉልበቱም ቢሆን አሜሪካ የገባው ጂቲኤስአይ 205 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው። ኡበር የምትሠሩበት ባለ ቪ6 ካምሪ እኮ 301 አለው። (ይህን ለባለቤቴ ያልነገርኳት ከገዛሁ በኋላ ስላወቅኩት ነው።)

«አይወርድም» የሚለውም ውሸት ነው። የኩባንያው መሥራች ኤንዞ ፌራሪ በኦገስት 1988 ሲሞቱ ሰው የድሮ መኪኖቻቸውን ተሻማ። ብዙው ለመንዳት ሳይሆን አትርፎ ለመሸጥ ነበር። 1989 ላይ አንድ 250 ጂቲኦ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። 1990 ላይ ገበያው ተንኮታኮተ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ጂቲኦ ከ4 ሚሊዮን በታች ተሸጧል። የመኪኖች ሁሉ ንጉሥ እንዲህ ከሆነ ሌላው እንዴት እንደሚሆን ገምቱ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ሳላጣራ ገዛሁ። የመረመርኩት ነገር ቢኖር ካርፋክስ የሚባለውን የመኪና ታሪክ ሪፖርት ብቻ ነው። ንጹህ ነበር። ካርፋክስ ግን ሰው ያስመዘገበውን እንጂ የተደበቀውን አያውቅም። ከ1981 በፊት የተሠራ መኪና ከሆነ ደግሞ ባለ 17 አኃዙ የሻንሲ ቁጥር ስለሌለው ጭራሽ አይሠራላችሁም። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ማይሉ ቦታ «ኤግዘምፕት» የሚል ታያላችሁ። ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ሻጩ ማይሉን እንዲያረጋግጥ ሕጉ አያስገድደውም ማለት ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ላይ ያለው 31 ሺህ ማይል ወሬ ነው።

ጉዱ የወጣው ቀበቶ ላስቀይር ስሄድ ነው። የ308 ሞተር ሁለት የታይሚንግ ቀበቶ አለው። ብዙ ባይነዳም ዕድሜው ሲደርስ ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ስለሌለኝ የድሮ ፌራሪ ብቻ የሚሠሩ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ጋ ወሰድኩት። ለቀበቶና አብሮት ለሚቀየረው 6,400 ዶላር አሉኝ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ሳቁ። መኪናው በ40 ሺህም ይሸጥ በ400 ሺህ፣ የእጅ ዋጋው ያው ነው።

ከዚያ ኮፈኑን ከፈቱ። የ308 ሞተር ከወንበሩ ጀርባ ስለሆነ ስኮርታ ጎማው ያለው ፊት ነው። ጎማውን አነሱት። ሥሩ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ቀይ የሆነው ቀይ ቶሎ ስለሚሸጥ ነው። የድሮ መኪና ሰብሳቢ ግን ከፋብሪካ የወጣበትን ቀለም ነው የሚፈልገው። ቀጥለው የኋላውን ክንፍ በጣታቸው አንኳኩና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ስቱኮ»። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። አጎቴ ፒያሳ አጠገብ ባትላሜራ ነበር። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ስቱኮ፤ የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ከእሳቸው አገር የመጣ ነው። ስቱኮ የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልስን ነው። መኪናው ተጋጭቶ ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻ የሞተሩን ቁጥር አነበቡ። ሞተሩ የዚህ መኪና አይደለም። ሞንዲያል ከሚባል ሌላ የፌራሪ ሞዴል የወጣ ነው። የዘመኑ ሞንዲያል 8 ተመሳሳይ ባለ ሦስት ሊትር ቪ8 ሞተር ስላለው ይገጥማል፣ ይሠራልም። ሞንዲያል ግን ከፌራሪ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ሻንሲውና ሞተሩ አብረው ያልተወለዱ መኪና ገበያ ላይ ግማሽ ሰው ነው። «40 ሺህ ካገኘህ ሽጠው» አሉኝ። ለምርመራው ያስከፈሉኝ 450 ዶላር ነው። ከመግዛቴ በፊት ብከፍለው ኖሮ 28 ሺህ ዶላሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ደላላውን ስደውልለት «ባለበት ሁኔታ ብለህ ፈርመሃል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፈርሜያለሁ። ጠበቃም አማከርኩ፤ የክሱ ወጪ ከኪሳራው አይተናነስም አለኝ።

እናንተ ግን ልትገዙ ከሆነ መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ። ሻጩ የጠቆማችሁን አትቀበሉ። «መካኒክ አያስፈልገውም፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ካላችሁ ውጡ። ለዋጋ ማነጻጸሪያ ሻጮች የለጠፉትን አትዩ፤ ማንም የፈለገውን ይለጥፋል። የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ። የጨረታ ዋጋ ስታዩም ብዙ ጊዜ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የአጫራቹ ድርሻ እንደተጨመረበት አትርሱ። ሻጩ እጅ የሚገባው ያን ያህል አይደለም።

ይኸው ደላላ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ፌራሪ የሠራውን የ1974 ዲኖ 246 በ90 ሺህ እያዞረ ነው አሉ። እውነተኛ ዲኖ በዚህ ዋጋ አይገኝም። ያሳያችሁ ካለ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ቅዳሜ ጣሊያናዊው ሽማግሌ ጋ እሄዳለሁ፣ አስነብብላችኋለሁ።