የእምዬ የአዘዞ ፎቶ እና ያደሰልኝ የፒያሳ ፎቶ ቤት

ያረጀ ፎቶ ማሳደስ ፈልጋችሁ የት ልውሰደው ለምትሉ የጎንደር ልጆች ነው የምጽፈው። ፒያሳ ፖስታ ቤቱ አካባቢ ያለች ጠባብ ፎቶ ቤት ናት። መስኮቷ ላይ የሙሽሮች ፎቶ ተደርድሯል፣ ውስጧ ከሦስት ሰው በላይ አያስቆምም። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ሌላ ቦታ አልሄድም።

ፎቶው የእምዬ ነው፣ የእናቴ እናት። ዘንድሮ 92 ዓመቷ ነው። ወጣት ሳለች አዘዞ፣ ቤታቸው በር ላይ ከአባቷ ጋር ቆመው የተነሱት ነው። የአባቷ ሌላ ፎቶ የለንም። ለብዙ ዓመት ዳዊቷ ውስጥ ተጣጥፎ ስለኖረ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል፣ ጥጉንም ብል በልቶታል።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም። በማግስቱ ጨርሰው ሰጡኝ፣ ደስ ብሎኝ ይዤ ሄድኩ፣ ቤት ገብቼ አይኔን ሰብሰብ አድርጌ ሳየው ግን ጠይሟ እምዬ ቀይ ሆናለች፣ ፊቷ እንደ ሰም ለስልሷል፣ ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት የለም። ከኋላቸው የነበረውን በር አጥፍተው ሰማያዊ መጋረጃ አስገብተውበታል። እምዬ አየችውና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። በጣም ነው የከፋኝ።

መጋረጃው ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ በበሩ ምክንያት ነው። በሩ ከነዳጅ በርሚል የተሠራ ነበር፣ በርሚሉም ከጣሊያን አይሮፕላን ሜዳ የመጣ ነው። በ1934 ዓ.ም. እምዬ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬም በአየር ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው የሚያርፈው አዘዞ ነው፣ ያን ጊዜ ግን ሜዳው የጣሊያን ተዋጊ አይሮፕላኖች መነሻ ነበር። ክንፋቸው አንዱ ከአንዱ በላይ የተደራረበ ነው፣ አብራሪው አንድ ሰው ብቻ። ፊያት ሲአር 42 እንደሚባሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እምዬ «ባለ ድርቦቹ» ነው የምትላቸው። እንግሊዞች መጥተው ሜዳውን ሲደበድቡ ልጆቹ ፈፋ ውስጥ ይገቡ ነበር፣ በማግስቱ አባቷ ከሌሎች ወንዶች ጋር ተይዞ ቦምብ የቆፈረውን ጉድጓድ በድንጋይና በአፈር ሲሞላ ይውላል።

እኛ ልጆች ሆነን ማታ ማታ ይህን ታወራልን ነበር። አንዱ ባለ ድርብ ሄዶ ሳይመለስ የቀረበትን ቀን ስትነግረን ድምጿ ዝቅ ይላል። ያነበብኩት ከሷ ወሬ ጋር ይገጥማል። በዚያ ጊዜ ጎንደር ላይ የቀሩት ሁለት ፊያቶች ብቻ ነበሩ፣ ጥቅምት 14 ቀን አንዱን፣ ማላቮልቲ የሚባል አብራሪ የያዘውን፣ ግላዲያተር የሚባል የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አይሮፕላን መትቶ ጣለው። ከዚያ የመቱት ሰዎች ራሳቸው ጀግንነቱን የሚያወድስ ወረቀት ከአየር ጣሉለት። ይህን ለእምዬ ሳነብላት «እናት ነበረችው» አለችና ዝም አለች።

እምዬ ጦርነቱን በታቦት ነው የምትቆጥረው። የኅዳር ሚካኤል ዕለት የጣሊያን ምሽግ የነበረው ቁልቋልበር ተያዘ፣ ሚካኤል በዋለ በስድስተኛው ቀን፣ ኅዳር 18፣ የጣሊያኖቹ አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠና ጎንደር ከጣሊያን ወጣች። ያኔ ሜዳው ላይ የቀረውን ባዶ በርሚል ሰው ተከፋፈለው። አባቷም ሁለት አንከባሎ አመጣ፣ ቀዶና ቀጥቅጦ በር አደረገው።

ወደ ፎቶ ቤቷ ልመለስ። ልጁ ፎቶውን ተቀብሎ ወዲያው ዋጋ አልጠራም። መብራት ስር አድርጎ በማጉያ መነጽር ብዙ ቆየበት። ከዚያ በትልቁ ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያሳየኝ በሩ ላይ ፊደል ወጣ። በወረቀቱ ላይ እድፍ ይመስለን የነበረው የጣሊያን ጽሑፍ ኖሯል! «ቤንዚና» ይላል፣ የመጨረሻው ፊደል ግማሹ ተቆርጧል። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ፎቶ ነው፣ አንድም ቀን አላየሁትም።

በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። «የአባትየው ቀኝ እጅ ላይ ነጭ መስመር አለ፣ የወረቀቱ ጭረት ነው ወይስ ጠባሳ? ሳልጠይቅ ላጥፋው አልቻልኩም» አለኝ። ስልኩን ለእምዬ አቀበልኳት። «እማማ እንደምን አሉ?» ብሎ ጠየቃት። «እንዳትነካው የኔ ልጅ፣ በርሚሉን ሲቀድ የቆረጠው ነው» አለችው። እኔም ራሴ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጠባሳው አለ፣ ንቅሳቷም አለ፣ መልኳም የራሷ ጠይም መልክ ነው። ስንጥቁ ግን የት እንደነበር ፈልጋችሁ አታገኙትም።

የማልወደውን ልንገራችሁ። በአራት ቀን ይደርሳል ተብዬ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል። ስልክ ደጋግማችሁ ካልደወላችሁ አያነሱም። የሚያትሙበት ወረቀት በጣም ያብረቀርቃል፣ ጣት ሲነካው ምልክት ይይዛል፣ ስለዚህ ደብዛዛ ወረቀት ካላቸው ጠይቁ። ፍሬማቸውም ቀላል ነው፣ እኔ ሌላ ቦታ በእንጨት አሠራሁ። ለእድሳቱና ለሁለት ትልልቅ ቅጂ 1,400 ብር ከፈልኩ። ለሌላው ቤት ከከፈልኩት በእጥፍ ይበልጣል፣ አልቆጨኝም።

ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስካኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጭኑላችኋል። አንዱን ቅጂ እምዬ አልጋዋ ራስጌ አሰቅላዋለች። ሁለተኛውን ለእናቴ ይዤ ልሄድ ስል «እሱንም ተይልኝ፣ ዳዊቴ ውስጥ የማደርገው» ብላ ስላስቀረችው ነገ ሦስተኛ ላሳትም ተመልሼ እሄዳለሁ።