የኢየሩሳሌም የእግር ጉብኝት፦ ለእሌኒ አምስት ኮከብ፣ ለጲላጦስ ወለል ሁለት

በአማርኛ የሚመራ የአሮጌው ኢየሩሳሌም የግማሽ ቀን የእግር ጉብኝት ላይ ነበርኩ። ትኩረቱ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ላይ ነው። የድርጅቱን ስም ልተወው፣ ምክንያቱም ወቀሳም አለኝ።

ጎልጎታ ላይ አስጎብኚው ድንቅ ነው። ደጁ ላይ አቁሞን «ወንጌሉ ከከተማው ውጭ ይላል፣ ይሄ ግን መሐል ከተማ ነው፤ እንዴት?» አለን። ቦታውን ወደ ውስጥ ያስገባው ቅጥር የተሠራው ከስቅለቱ በኋላ፣ በሄሮድስ አግሪጳ ዘመን ነው ለካ። ከዚያ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ቤተ ጣዖት ሠራበት፣ ቆስጠንጢኖስ ደግሞ ከስቅለቱ 300 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አስፈርሶ መቃብሩን አስፈለገ። በመሐል ቦታውን ማን አስታወሰው? የከተማዋ ምእመናን ከአፍ ወደ አፍ ሳያቀባበሉት አልቀሩም፣ ሰነድ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 መቃብሩ ሲከፈት ከእብነ በረዱ ሥር የተገኘው ማጣበቂያ ሲመረመር በ345 ገደማ የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የማን መቃብር እንደሆነ አይነግረንም፣ የቆስጠንጢኖስ ሰዎች ያከበሩት ቦታ ይኸው መሆኑን ግን ይደግፋል። ሁለቱን ሳያምታታ ስላስረዳን ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ንግሥት እሌኒ መጣች። ደመራውን፣ ጢሱን ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ግን በዘመኑ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ እሌኒ በቤተ ልሔምና በደብረ ዘይት ያሠራችውን ሲጽፍ መስቀል አገኘች አይልም አለ። እሷ አገኘችው የሚለውን የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ በ395 ሲናገረው እናገኛለን። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ቄርሎስ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ የመስቀሉ እንጨት በዓለም ሁሉ ተዳርሷል ይላል። አንዲት እናት ተቆጡ፤ «ታዲያ ጢሱ ውሸት ነው ልትለኝ ነው ልጄ?» «ኧረ እማማ፣ እኔ የምነግርዎ መቼ እንደተጻፈ ብቻ ነው» አላቸው። እሳቸው ብዙም አልተዋጠላቸውም፣ እኔ ግን ለዚህች መልስ ብቻ እከፍላለሁ።

ፍኖተ መስቀል ላይ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደገባ እንጃ። ጲላጦስ የፈረደበት ወለል ነው ብሎ በሙሉ አፉ ያሳየን የሐድርያን ዘመን ሥራ ነው። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ፍርዱ የተሰጠው በምዕራብ በኩል፣ በሄሮድስ ቤተ መንግሥት እንደሆነ ያስባሉ፤ ያ ከሆነ መንገዱ ራሱ ከሌላ አቅጣጫ ይጀምራል። ስጠይቀው «ልማድ ነው» ብሎ አለፈኝ። እሺ፣ ልማድ ይሁን፣ ግን ቅድም እንዳደረገው ልማድ ነው ብሎ ይጀምራ!

ዴር ሱልጣንን ደግሞ ሮጥ ሮጥ አድርጎ አሳለፈን። መነኮሳቶቻችን የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ይኖራሉ፣ ከግብጽ ኮፕቶች ጋር ያለው ክርክር ገና አልተቋጨም፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን ታሪክ ይዟል። ለሐበሻ ቡድን ከዚህ የበለጠ ምን ርዕስ አለ?

ዋጋው ቀላል አይደለም። ብትሄዱ የጠዋቱን ምረጡ፤ ሰልፉ ከበዛ በኋላ መቃብሩ አጠገብ የአስጎብኚው ድምፅ አይሰማም።