ለአንዲት የሐዋሳ ሳይኮሎጂስት ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ወገኖቼ፣ እዚሁ ሐዋሳ የምትሠራ አንዲት ሳይኮሎጂስት አለች። ስሜን አታውጣ ስላለችኝ አላወጣም። የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻዋን እልካለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ደህና እደሩ ብሎን ተኝቶ በዚያው ቀረ። ለቅሶው አለፈ፣ አርባው ወጣ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ የእኔ ጉድ ጀመረ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንን እላለሁ። ልቤ ይደልቃል። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ሚስማርና ቀለም እየሸጥኩ "ለምኑ ነው?" እላለሁ።

ያልረገጥኩት ደጅ የለም። አንዱ ጋ ገና አረፍ ከማለቴ መድኃኒት ተጻፈልኝ። ጻፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሌላ ቦታ ደግሞ አማካሪ የተባለው ሰውዬ ስልኩን እየነካካ "ሱቅ አለህ፣ ልጆች አሉህ፣ ምን ጎደለህ?" አለኝ። ይህንንማ ጎረቤቴም በነጻ ይለኛል! ከፍዬ ወጣሁና ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። "አይዞህ ወንድሜ" ያለኝ የባጃጁ ሹፌር ነው። እሱን ይባርከው።

እሷን የጠቆመኝ አንድ ደንበኛዬ ነው። ገና ስገባ ዶክተር አልኳት። "ዶክተር አይደለሁም፣ ሳይኮሎጂስት ነኝ" አለች። ይቺን ወደድኩላት። የምትሠራበት መንገድ ኤግዚስቴንሻል ሳይኮቴራፒ ይባላል፣ ስለ መኖርና ስለ መሞት በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምና ነው። ዝርዝሩን አትጠይቁኝ። እንደ ነገረችኝ ከሆነ ኧርቪን ያሎም የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በፈረንጆቹ 1980 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው የማያመልጣቸውን አራት ነገሮች አስቀምጧል። ሞት፣ ነጻነት ከነኃላፊነቱ፣ ማንም ገብቶ የማይጋራን ብቸኝነትና የሕይወት ትርጉም ማጣት ናቸው። "ሦስቱ አሉብኝ" አልኳት። "አራተኛውም አይቀርልዎትም" ብላ ሳቀች። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

አንድ ቀን ግን በጣም በሸቀኝ። አንቱታውን ሁሉ ረስቼ "አንቺስ ሞትን አትፈሪም?" ብዬ አፈጠጥኩባት። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እፈራለሁ" አለች። "ማታ ልጄን አስተኝቼ መብራት ሳጠፋ አንዳንዴ ይመጣብኛል።"

ከዚያ ዝም። ምክር የለ፣ ጥቅስ የለ። እኔም ዝም አልኩ። ቆይታ "አሁን ይህን ስነግርዎ ምን ተሰማዎት?" ብላ ጠየቀችኝ። ደረቴ ቀለል እንዳለኝ ነገርኳት። ከለቅሶው ድንኳን ጀምሮ ሁሉም ጠንክር፣ ወንድ ሁን ሲለኝ ነው የከረመው። እኔም እፈራለሁ ያለኝ ሰው አልነበረም። ያሎም አካሚውንና ታካሚውን የአንድ መንገድ ተጓዦች ናቸው ይላል አሉ፤ የሚያድነውም በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ነው ባይ ነው። መጽሐፉን አላነበብኩትም። ያንን ቀን ግን አይቻለሁ።

በዚያው ሳምንት ልጆቼን ይዤ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩ። ስለ አጎታቸው አወራኋቸው፣ እስከዚያ ስሙን ማንሳት አልችልም ነበር። ትንሿ "እሱ እኮ ዓሣ አይወድም ነበር" አለች። እውነቷን ነው፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ስንሄድ አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚቆመው። ሳቅንም አለቀስንም። ባለቤቴ ሴትዮዋን ሳታያት ትመርቃታለች።

ተአምር አትጠብቁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሁንም የምነቃበት ሌሊት አለ፣ ግን ተመልሼ እተኛለሁ። ይህን አድርግ፣ ያንን ተው የሚል ሰው የምትፈልጉ ከሆነም ትናደዱባታላችሁ። መድኃኒትንም አትቃወምም። መጀመሪያ ቀን ራሴን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለኝ ፊት ለፊት ነው የጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለበት ሰው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ፣ ቀጠሮ አይጠብቅ።

የአእምሮ ነገር ሲነሳ አማኑኤል ትዝ እያለን፣ እብድ እንዳንባል እየፈራን ስንቱ ቤቱ ተቀምጦ አለቀ። ኧረ ሂዱ! ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ሂሳብ ሲያጥረኝ እንኳ ፊቷን ሳታጠቁር ጠብቃኛለች። ቅዳሜ ቶሎ ስለሚሞላ አስቀድማችሁ ደውሉ፣ አርፍዳችሁም አትሂዱ፣ ያለፈውን ሰዓት አታካክስም።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እግዜር ይስጥልኝ። በጽሑፍ ስለሆነ ነው አንቺ ያልኩሽ፣ ማክሰኞ ስመጣ ወደ አንቱታው እመለሳለሁ።