«ግጠሙት ብቻ» እየተባለ የሚሸጥ የአውሮፕላን ኬብል አትግዙ

አሜሪካ ውስጥ በጋራዣችሁ ወይም በተከራያችሁት ሃንጋር ትንሽ አውሮፕላን የምትሠሩ ወገኖች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ብዙ አይደለንም። ስለዚህ ወሬው ቶሎ እንዲዳረስ ተቀባበሉት።

ኢንተርኔት ላይ «ሙሉ የመቆጣጠሪያ ኬብል» እየተባለ የሚሸጥ ስብስብ አለ። ተለክቶ ተቆርጧል፣ ጫፍ ጫፉ ታስሯል፣ ተርንባክሉም (ኬብሉን የሚወጥረው ባለ ጥርስ ማጥበቂያ) አብሮ ይመጣል ይላሉ። የእናንተ ሥራ መግጠም ብቻ ነው። ዋጋው ደግሞ ዕቃዎቹን ከታወቀ የአውሮፕላን ዕቃ አቅራቢ ለየብቻ ስትገዙ ከምታወጡት ግማሹን አይሞላም። አትግዙ።

አንድ ወዳጄ ለሚሠራት አውሮፕላን ይህንኑ አዘዘ። ከድሮዋ ፓይፐር ከብ ጋር የምትመሳሰል፣ ክንፏ ከላይ የሆነ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ናት። አይለሮኗም (ወደ ጎን የሚያጋድላት የክንፍ ጫፍ ክፍል)፣ ኤሌቬተሯም (አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው)፣ ራደሯም (አፍንጫዋን ግራና ቀኝ የሚያዞረው) የሚንቀሳቀሱት በኬብል ነው። ሣጥኑ ሲደርሰው ከመግጠሙ በፊት እንድመለከትለት ጠራኝ። እኔ የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ቦሌ ነው፤ አሁን የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ስሊቩ ላይ ነው። ለማታውቁት ላስረዳ። የኬብሉ ጫፍ ቲምብል በሚባል የእንባ ቅርጽ ባለው ብረት ላይ ይዞርና ወደ ራሱ ይመለሳል። ሁለቱ የኬብል ክሮች በአንድ ሞላላ ስሊቭ ውስጥ ያልፋሉ። ስሊቩ በልዩ መሣሪያ ሲጨመቅ ኬብሉን ነክሶ ይይዛል። ሌላ ብሎን የለም፣ ብየዳ የለም። ለጋልቫናይዝድ (ዚንክ ለተቀባ የብረት) ኬብል ስሊቩ ተራ መዳብ ነው፤ ለስቴንለስ ደግሞ ዚንክ የተቀባ መዳብ። የወዳጄ ኬብል ጋልቫናይዝድ ነው ተብሎ ተሸጦ ስሊቩ ብርማ ሆኖ መጣ። ያኔ ጠረጠርኩ። በሞረድ ጫር አደረግሁት። ዚንክ የተቀባ መዳብ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ቀይ ይወጣ ነበር። ይኸኛው ውስጡም ነጭ ነው። አሉሚኒየም!

አሉሚኒየም ስሊቭ በየግንባታ ዕቃ መደብሩ በፓኬት ይሸጣል። ለአጥርና ለአትክልት ድጋፍ ይበቃ ይሆናል። ከመዳቡ ግን ይደክማል፤ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ከብረቱ ጋር ተነካክቶ ይበላል። የሚያናድደው፣ አሉሚኒየሙም ዚንክ የተቀባው መዳብም ብርማ ስለሆኑ ፎቶ ላይ ልዩነታቸው አይታይም። ሻጩም የሚተማመነው በዚህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ የጭመቃውን ብዛት ቆጠርኩ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤኤ፣ በፈረንጆች 1998 ያወጣው ኤሲ 43.13-1ቢ የሚባል መመሪያ አለ። በነፃ ይወርዳል፤ ምዕራፍ 7ን አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። እዚያ ሰንጠረዡ ላይ እንደተጻፈው የ3/32 ኢንች ኬብል ስሊቭ አንድ ጊዜ ይጨመቃል። የ1/8 ኢንች ግን ሦስት ጊዜ። የወዳጄ ዋና ኬብሎች 1/8 ናቸው፤ የተጨመቁት ግን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም መሃል ላይ። መለኪያ ጌጁን አምጥቼ ብሞክር አንዱም አላስገባም። በደንብ የተጨመቀ ስሊቭ ጌጁ ውስጥ ይገባል። ካልገባ አልጠበበም ማለት ነው።

ኬብሉ ራሱስ? ማስታወቂያው «ኤርክራፍት ኬብል» ይላል። ይህ ስም ማንንም አያስጠይቅም። የጋራዥ በር የሚያነሳውም፣ ጂም ውስጥ ክብደት የሚጎትተውም ሽቦ በዚሁ ስም ይሸጣል። እናንተ ማየት ያለባችሁ የዝርዝር ቁጥሩን ነው፤ ሚል-ዲቲኤል-83420። የድሮው ሚል-ደብሊው-83420 ነበር። በዚህ መስፈርት የተሠራ 1/8 ኢንች፣ 7 በ19 ጋልቫናይዝድ ኬብል ቢያንስ 2,000 ፓውንድ ሳይበጠስ ይሸከማል። ስቴንለሱ 1,760። ሰባት በ19 ማለት ሰባት ገመድ፣ እያንዳንዱ 19 ቀጫጭን ሽቦ ያለው ነው። ጠቅላላው 133 ሽቦ ስለሆነ ይተጣጠፋል፤ በፑሊ (ኬብሉ በሚዞርበት መንኮራኩር) ላይ ሲመላለስ ቶሎ አይደክምም። 7 በ7 የሚባለው 49 ሽቦ ብቻ ነው፤ ደረቅ ያለ ነው። የሣጥኑን ኬብል ጫፉን ፈትተን ቆጠርነው። 7 በ7 ሆኖ ተገኘ። ማስታወቂያው ላይ 7 በ19 ብለው ጽፈዋል።

የምስክር ወረቀትም ነበረው፤ ፎቶ ኮፒ። የመስፈርቱ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። የጥቅልሉ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ከየትኛው ጥቅልል እንደተቆረጠ የማይናገር ወረቀት ስለ እናንተ ኬብል ምንም አይናገርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሻጩ ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ፣ መዳቡ መዳብ፣ ኬብሉም ትክክለኛው ቢሆን፣ ይህ ግዢ አያዋጣም ባይ ነኝ። ምክንያቱም አውሮፕላናችሁን አልለካትም።

በፕላን የሚሠሩ ሁለት አውሮፕላኖች አንድ አይሆኑም። አንዱ ፑሊውን ጣት ያህል ወደ ኋላ ያደርገዋል። ሌላው የመቀመጫውን ሥር ቀይሮታል። ሦስተኛው የራደር ፔዳሉን ለረጅም እግሩ ብሎ ገፋ አድርጎታል። ኬብል ግን የሚለካው በመጨረሻ ነው፤ ፑሊዎቹ ሁሉ ከቆሙ፣ አብራሪው የሚይዘው መሪ ዱላ መሃል ላይ ከታሰረ፣ አይለሮኖቹም ቀጥ ብለው ከተያዙ በኋላ። ተርንባክሉ የሚያስተካክለው ትንሽ ነገር ነው። ሲጠብቅ ከበርሜሉ በሁለቱም በኩል ከሦስት በላይ ጥርስ ውጭ መታየት የለበትም። ኬብሉ ካጠረ ጥርሱ ውጭ ይቀራል። ከረዘመ ተርንባክሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶም ኬብሉ ይላላል። የወዳጄን አንዱን የአይለሮን ኬብል ለመለካት ያህል ብቻ በፑሊዎቹ ላይ አሳለፍነው። ተርንባክሉ ተዘግቶ አልቆ፣ ኬብሉ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንጠልጥሎ ቀረ። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ቆርጣችሁ እንደገና ታስራላችሁ። እንግዲያው መጀመሪያውኑ ራሳችሁ እሰሩት።

እንደ እኔ አየር መንገድ ውስጥ ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ የበለጠ እንጠንቀቅ። እዚያ ዕቃ ሁሉ በስቶር ያልፋል። መለያ አለው፣ ፈራሚ አለው፣ ጥያቄ ቢነሳ ዱካው ይገኛል። ወረቀት ስናይ ልባችን ያርፋል። በግል በሚሠራ አውሮፕላን ግን ያ ሁሉ የለም። ከግማሽ በላዩን ሥራ ራሳችሁ እስከሠራችሁ ድረስ ሕጉ የጸደቀ ዕቃ ብቻ ተጠቀሙ ብሎ አያስገድዳችሁም። የመጨረሻው መርማሪ ሲመጣ ክፍት ሽፋኖቹን ያያል፣ ዱላው ሲገፋ የቱ እንደሚንቀሳቀስ ያያል፣ መዝገባችሁን ያገላብጣል። ስሊቭ እየሞረደ ግን አያይላችሁም።

በነገራችን ላይ «በኤፍኤኤ የጸደቀ ኪት» (ራሳችሁ እንድትገጣጥሙት የሚሸጥ የአውሮፕላን ዕቃ ስብስብ) የሚል ካያችሁ ገጹን ዝጉት። ኤፍኤኤ ኪት አያጸድቅም። የሚያደርገው ገዢው ከግማሽ በላዩን የሚሠራ መሆኑን ገምግሞ በዝርዝር ማስቀመጥ ብቻ ነው። ስለ ጥራቱ የሚለው ነገር የለም።

ራስን ማሰሩ ከባድ አይደለም። መጭመቂያ መሣሪያውን መግዛት የለባችሁም፤ ብዙዎቹ የኢኤኤ ቅርንጫፎች ለአባሎቻቸው ያውሳሉ። ኢኤኤ በፈረንጆች 1953 የተመሠረተው የአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ነው፣ ያ በየዓመቱ ኦሽኮሽ ላይ ትልቁን ትርኢት የሚያዘጋጀው። ልምድ ያላቸው ቴክኒካል አማካሪዎችም አሉት። ቤታችሁ ድረስ መጥተው ሥራችሁን ያያሉ፤ ገንዘብ አይጠይቁም። እንግሊዝኛዬ ምን ይላል ብላችሁ አትፈሩ። እነዚህ ሰዎች ስለ ኬብል ለማውራት ሰበብ ነው የሚፈልጉት።

ሞክሩት ደግሞ። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። መመሪያው እንደሚለው የታሰረ ኬብል ከመገጠሙ በፊት በመበጠሻ አቅሙ 60 በመቶ ይጎተታል። ክብደቱ ቀስ እያለ ይጨመርና ለ3 ደቂቃ ይያዛል። ለ1/8 ጋልቫናይዝድ 1,200 ፓውንድ፣ ለ3/32 ደግሞ 600 ፓውንድ ነው። የሰንሰለት መጎተቻና የክሬን ሚዛን ይበቃል። ስሊቩ አጠገብ ኬብሉ ላይ በቀለም መስመር አድርጉ፤ ከተንሸራተተ መስመሩ ይነግራችኋል። ኬብሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ራሳችሁም ከመስመሩ ገለል በሉ። የተበጠሰ ኬብል ሲመለስ ሰው ያቆስላል። የወዳጄን አንዱን ኬብል እንዲሁ ጎተትነው። ገና 700 ፓውንድ ሳይሞላ ከስሊቩ ተንሸራትቶ ወጣ። ወዳጄ ለደቂቃ ያህል ምንም አልተናገረም። ከዚያ ሻጩን በአማርኛ ረገመው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ኬብሉን የሸጠላችሁ ሰው ትንሽ ጨምሩልኝና መጥቼ ልግጠምላችሁ፣ ልወጥርላችሁ ይላል። በአንድ ከሰዓት ያልቃል ይላል። ቴንሲዮሜትር፣ ማለትም የኬብል ውጥረት መለኪያ፣ ሳይዝ የሚመጣ ሰው ከሆነ በር ላይ መልሱት። በጣት ነካ አድርጎ «ይበቃል» ማለት ግምት ነው። አሉሚኒየም አካል ከብረት ኬብል የበለጠ በሙቀት ይለጠጣል፤ ስለዚህ በነሐሴ የጠበቀው በጥር ይላላል። የፕላኑን የውጥረት ቁጥርና በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚጀምር ገጣሚ አይገጥምላችሁም።

ደግሞ ሌላ ሰው የገጠመውን አቅጣጫ ራሳችሁ ሳታዩ ሞተር አታስነሱ። ኬብል ተጠላልፎ አይለሮን ተገላብጦ የሚሠራበት አጋጣሚ በትልልቆቹም ደርሷል። ኅዳር 2011 ዓ.ም (በፈረንጆች ኖቬምበር 11 ቀን 2018) የካዛክስታኑ አየር መንገድ የኤር አስታና ኤምብራየር 190 አውሮፕላን ከከባድ ጥገና ወጥቶ ፖርቱጋል ውስጥ ተነሳ። የአይለሮን ኬብሎቹ በስህተት መስመር ተዘርግተው ነበር። ስድስት ሰዎች ተሳፍረዋል። ከብዙ ትግል በኋላ ቤዣ የጦር ሰፈር አሳረፉት፤ ሁሉም ተርፈዋል። ያ እንግዲህ ብዙ ባለሙያ የነካው ጄት ነው። የእናንተን የሚያየው አንድ ሰው ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ዱላውን አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙ። ዱላውን ወደ ቀኝ ስታጋድሉ አውራ ጣታችሁ ወደ ቀኝ ይጠቁማል፤ ወደ ላይ የሚነሳው አይለሮንም የቀኙ መሆን አለበት። ወደ ግራም እንዲሁ።

ገዝታችሁ ለተቸገራችሁ፦ ወዳጄ ሻጩን ገንዘብ መልስ ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። በመጀመሪያ «ስቴንለስ ነው ያዘዝከው» አለ። ቀጥሎ «ከከፈትከው አይመለስም»። ከዚያ ዝም። ወዳጄን ያዳነው በክሬዲት ካርድ መክፈሉ ነው። በካርድ ከከፈላችሁ፣ የሒሳብ መግለጫው ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ማስታወቂያውን ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ አንሱት። የስሊቩን ጭረትና የጌጁን ፎቶም አያይዙ። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት አገልግሎት) ከላካችሁ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጣችሁም። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ «በዜል ብትልክ ቅናሽ አለው» የሚሉት።

ለኤፍኤኤም አሳውቁ። ያልጸደቀ ወይም ሐሰተኛ ዕቃን የሚቀበሉበት ቅጽ አላቸው፤ ቁጥሩ 8120-11 ነው። የአውሮፕላን ዕቃን በሐሰት መስፈርት መሸጥ ከፈረንጆች 2000 ወዲህ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። ለንግድ ኮሚሽኑ፣ ማለትም ለኤፍቲሲም ጻፉ። መልስ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፤ ግን ተመሳሳይ ቅሬታ ሲደራረብ ያኔ ፋይል ይሆናል።

ባንኩ ገንዘቡን ከመለሰላችሁ በኋላ ኬብሉን እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ ለሌላም ሰው «ለስልጠና ይሆንሃል» ብላችሁ አትስጡ። ሻጩ መልሱልኝ ካላለ ስሊቮቹን በመቁረጫ ከመሃል ቁረጧቸው፣ ኬብሉንም ቁርጥራጭ አድርጉት። እዚህ አገር የተጣለ ነገር ሁሉ መልሶ የሚሸጥበት ገበያ አለው።