የሚያበራ የጌጅ ገጽ በአሮጌ ማዝዳ ሚያታ ላይ፦ የዕቃውና የገጠማው ግምገማ

ለመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ሚያታ የሚሸጡት በራሳቸው የሚያበሩ የጌጅ ገጾች (የፍጥነት፣ የነዳጅና የመሳሰሉት መለኪያዎች ቁጥር የታተመባቸው ፊቶች) ማታ ማታ ለሚነዳ ሰው በእርግጥ የሚጠቅሙ ዕቃዎች ናቸው፤ እኔም ከገጠምኳቸው በኋላ ወደ ቀድሞዎቹ ለመመለስ አላሰብኩም። ይሁን እንጂ ገጹን መግዛት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ኮንታኪሎሜትሩ፣ ማለትም የፍጥነት ጌጁ፣ ከገጠማው በኋላ ትክክለኛውን ፍጥነት ማሳየቱን የሚወስነው ጠቋሚ ቀስቶቹ የሚነቀሉበትና የሚመለሱበት መንገድ ስለሆነ፣ በዚህ ግምገማ ከመልኩ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ ሰፊ ቦታ ሰጥቻለሁ።

ሚያታ እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበች፣ ሁለት መቀመጫ ያላት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ የፊት መብራቶቿም ሲፈለጉ ብቻ ብቅ የሚሉ ቀላል የስፖርት መኪና ናት። የመጀመሪያዎቹ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ነበሩ፤ በአሜሪካ ገበያ ከ1994 ሞዴል ጀምሮ ሞተሩ 1.8 ሊትር ሆነ፤ ይህ ትውልድም በ1997 አበቃ። ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ የምትታየው የመጨረሻዋ እንኳ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። በዚህ ዕድሜ የክሩስኮቱ (ከነጂው ፊት ጌጆቹ የተቀመጡበት ሰሌዳ) ትንንሽ አምፖሎች ጠቁረዋል፣ የጌጆቹ ጽሑፍም ደብዝዟል፤ የመንገድ መብራት በሌለበት አውራ ጎዳና ላይ ፍጥነትን ለማንበብ ዓይንን ከመንገዱ ላይ ከሚገባው በላይ ማንሣት ግድ ይሆናል። ገጾቹን የገዛሁት ለዚህ ነው፤ ዋጋቸውም ከ100 ዶላር አልበለጠም።

ዕቃው የሚሠራው ኤሌክትሮሉሚነሰንስ በሚባለው ዘዴ ነው። በሳሳው የፕላስቲክ ገጽ ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ሁለት ንብርብሮች መካከል፣ ብዙውን ጊዜ ከዚንክ ሰልፋይድ የሚዘጋጅ ፎስፈር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚያበራ ቁስ፣ ተቀብቷል፤ የፊተኛው ንብርብር ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ገጹ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያበራል። ታይሜክስ ኢንዲግሎ ብሎ በእጅ ሰዓቶቹ ላይ ያስገባው መብራት በዚሁ ዘዴ ስለሚሠራ ብዙ ሰው እነዚህንም ገጾች በዚያ ስም ይጠራቸዋል። የመኪናው ባትሪ የሚሰጠው 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ፎስፈሩ ደግሞ ወደ 100 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ይህንን የምትለውጠው የክብሪት ሳጥን የምታክል ኢንቨርተር ናት። የኤሌክትሪኩ ፍሪኩዌንሲ (በሴኮንድ የሚለዋወጥበት ብዛት) ከፍ ሲል አረንጓዴው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ብዙዎቹ ባለ ሁለት ቀለም ተብለው የሚሸጡት ዕቃዎችም በዚህ ጠባዩ ይጠቀማሉ።

ከመግዛት በፊት የመኪናውን ሞዴል ዓመት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሚያታዎች የሞተር ዘይት ግፊትን በትክክል የሚለካ ጌጅ አላቸው፤ ከ1995 ሞዴል ጀምሮ ግን ጌጁ ግፊት መኖር አለመኖሩን ብቻ ወደሚያሳይ ዓይነት ተለውጧል። ስለዚህ ቁጥር የታተመበትን የቀድሞውን ገጽ በኋለኛው መኪና ላይ መግጠም ነጂውን ያሳስታል። ለእኔ የመጣልኝ ገጽ ከዓመቱ ጋር የሚስማማ ነበር፤ ሆኖም አዲሱን ገጽ በአሮጌው ላይ ደርቤ ብርሃን ላይ ሳየው በኮንታኪሎሜትሩ ላይ ያሉት መስመሮች ሁሉ ሲገጣጠሙ፣ በነዳጅ ጌጁ ላይ ያለው የባዶ ምልክት ግን የአንድ መስመር ውፍረት ያህል ፈቀቅ ብሎ አገኘሁት። በነዳጅ ጌጅ ላይ ይህ ይታለፋል፤ በፍጥነት ጌጅ ላይ ቢሆን ኖሮ ዕቃውን እመልሰው ነበር።

ክሩስኮቱን መፍታት ከባድ አይደለም። የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀላል፣ የመሪው ዘንግ ሽፋንና የጌጆቹ መከለያ በካቻቪቴ ይፈታሉ፣ ከዚያም የጌጁ ሳጥን ወደ ፊት ሳብ ተደርጎ የኮንታኪሎሜትሩ ገመድና የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ ከጀርባው ይለቀቃሉ። ያረጀ ፕላስቲክ በቀላሉ ስለሚሰበር በብርድ ቀን ባይሠራ ይመረጣል። በጌጆቹ ፊት ያለው መስተዋትም ለጭረት የተጋለጠ ስለሆነ በደረቅ ወረቀት ፈጽሞ መጠረግ የለበትም።

ዋናው ጉዳይ ቀስቶቹ ናቸው። በዚህ ትውልድ ሚያታ ላይ ኮንታኪሎሜትሩ የሚሠራው ከጊርቦክስ በሚመጣ ገመድ ነው፤ ገመዱ አንዲት ማግኔት ያሽከረክራል፣ ማግኔቷ አጠገቧ ያለውን የብረት ቆብ በማግኔት ኃይል ትጎትታለች፣ ፀጉር የምታክል ጥምዝ ስፕሪንግ ደግሞ ቆቡን ወደ ኋላ ትይዛለች። ቀስቱ የቆመው በዚህ ቆብ ዘንግ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ዜሮ ላይ ያለችው አጭር ማቆሚያ ስፕሪንጓ ሙሉ በሙሉ ከመላላቷ በፊት ታስቆመዋለች። ስለዚህ ቀስቱን ዜሮ ላይ እንዳለ ነቅሎ ዜሮ ላይ የሚመልስ ሰው ያንን ትንሽ ውጥረት ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ጌጁ በየትኛውም ፍጥነት ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ትክክለኛው መንገድ ቀስቱን በእርጋታ ከማቆሚያው በላይ አሳልፎ በራሱ እስኪያርፍ መተው፣ ያረፈበትንም ቦታ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ማድረግ ነው። ሲመለስም በዚያው ምልክት ላይ ተጭኖ ከገባ በኋላ ቀና ተደርጎ በማቆሚያው ላይ ይቀመጣል። ሲነቀልም ከሁለቱም ወገን እኩል ወደ ላይ መሳብ አለበት፤ ወደ ጎን የተጣመመ ዘንግ አይቃናም።

ከዕቃው ጋር የመጣው የመመሪያ ወረቀት ስለዚህ ሁሉ አንዲት ቃል የለውም፤ ቀስቱን ንቀል፣ ገጹን አስገባ፣ ቀስቱን መልስ ይላል። የዕቃውን ትልቁን ጉድለት ይህንን አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ገዢው ስሕተቱን የሚያውቀው ምናልባት በትራፊክ ፖሊስ ሲቆም ወይም ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ ሲያነጻጽር ነው። እኔ ከገጠማው በኋላ ቀጥ ባለ መንገድ በአንድ ፍጥነት እየነዳሁ ከጂፒኤስ ጋር አስተያየሁት፣ ልዩነቱም ከገጠማው በፊት ከነበረው አልተለወጠም። ለሞተር ዙር ጌጁ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ያሉት መኪኖች ኦቢዲ 2 የሚባለው የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚነበብበት ሶኬት ስላላቸው በማንበቢያ መሣሪያ ማረጋገጥ ይቻላል፤ በቀደሙት ላይ ሞተሩ ሞቆ መኪናው ቆሞ ሳለ ቀስቱ በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ መቆም ስላለበት ያ መነሻ ይሆናል።

የኤሌክትሪኩን ሥራ በተመለከተ፣ ኢንቨርተሯ የፓርኪንግ መብራት ሲበራ ኃይል ከሚያገኝ ሽቦ ላይ፣ በራሷ ትንሽ ፊውዝ በኩል፣ መገናኘት ይኖርባታል። የክሩስኮቱን ብርሃን ከሚቀንሰው መቆጣጠሪያ በኋላ ከተገናኘች ቮልቱ ሲወርድ ገጹ ይርገበገባል ወይም ይጠፋል። ከገጹ የሚወጣው ጠፍጣፋ ጅራት መታጠፍ የለበትም፤ ኢንቨርተሯ ስትሠራም ጫፉን በእጅ መንካት ያስነዝራል። ሬዲዮ በማይከፈትበት ጊዜ ከኢንቨርተሯ ቀጭን የጥዝታ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ በስፖንጅ ጠቅልዬ ከክሩስኮቱ በስተጀርባ ካሰርኳት በኋላ ቀንሷል። በኤኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች ላይ የምትፈጥረው ረብሻ ግን አሁንም አለ።

በሌሊት ውጤቱ በጣም ደስ ያሰኛል። ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ ብርሃኑም ለስላሳ ስለሆነ ጣሪያው ተከፍቶ በጨለማ ሲነዳ ዓይንን አያጭበረብርም። አረንጓዴውን ከሰማያዊው እመርጣለሁ፤ ሰማያዊው በፎቶግራፍ ያምራል እንጂ ለንባብ አረንጓዴው ይሻላል። ቀስቶቹ ራሳቸው ስለማያበሩ ግን በሚያበራው ገጽ ላይ እንደ ጥላ ሆነው ነው የሚታዩት፤ ይህንን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። በቀን ደግሞ ነጩ ገጽ ከፋብሪካው ጥቁር ገጽ ያነሰ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ስታርፍበት ያንጸባርቃል፣ የመኪናዋንም የቀድሞ መልክ ይለውጣል።

የፎስፈሩ ብርሃን በሠራበት ሰዓት ልክ እየደከመ የሚሄድ ሲሆን እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። የጣሪያዋ ላስቲክ የሚያፈስባት ሚያታ ያለው ሰው መጀመሪያ ላስቲኩን ማስተካከል ይኖርበታል። መኪናዋን እንደ ፋብሪካው ጠብቆ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ጠቁረው ያሉትን አምፖሎች በኤልኢዲ ቢተካ በጥቂት ዶላር አብዛኛውን ጥቅም ያገኛል፤ ቀስትም መንቀል አያስፈልገውም። ገጹን የሚመርጥ ግን አሮጌዎቹን ገጾች ሳይጥል ያስቀምጥ፤ ሥራውን ለጋራዥ የሚሰጥ ከሆነም ቀስቱን ከመንቀላቸው በፊት ያረፈበትን ቦታ እንዴት ምልክት እንደሚያደርጉ ይጠይቅ፤ ባለሙያው ስለ ማቆሚያዋ ካላነሣ ሌላ ጋራዥ ይፈልግ።